ጠርዙ እስኪጠነክር

ባሌን የሚያውቀው ሁሉ «ፍሬን» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ መሪውን የሚይዙት ግን ሁልጊዜ ሌሎች ናቸው። እሱ ከጎን ተቀምጦ፣ ለአስተማሪ ተብላ የተገጠመችው ሁለተኛዋ ፍሬን ላይ ቀኝ እግሩን አሳርፎ፣ «ቀስ፤ ማን አባረረሽ?» ሲል ይውላል። ተማሪው ግንቡን ሊስመው ትንሽ ሲቀረው ያቺን ፍሬን ግጥም ያደርጋታል። መኪናዋ ቀጥ ትላለች፤ ተማሪው በላብ ይጠመቃል፤ እሱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ «እሺ፣ እንደገና» ይላል።

ክፋቱ፣ እግሩን እዚያው ትቶት አይመጣም። እኔ ሽንኩርት በፍጥነት ስከትፍ ካየ፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ ወለሉን ይረግጣል። ኳስ ሲያይ ይረግጣል። ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ የፊተኛውን ወንበር ይረግጥና ከሰው ጋር ይጣላል። በእንቅልፍ ልቡ ስንቴ ቅልጥሜን እንዳለኝ የምናውቀው እኔና ቅልጥሜ ነን። እኔም ድሮ ተማሪው ነበርኩ። መንጃ ፈቃድ ፍለጋ ሄጄ ባል ይዤ ተመለስኩ፤ መንጃ ፈቃዱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። «አንቺ መንገዱን ትተሽ እኔን ስታዪ ነው የወደቅሽው» ይለኛል። ውሸቱን ነው። የወደቅኩት ዳገቱ ላይ ነው።

ሕመሙ የጀመረውም እዚያው የመለማመጃ ዳገት ላይ ነው። ያን ቀን ያስተምራት የነበረችው አንዲት ጎልማሳ የሒሳብ መምህርት ነበረች። ዳገት ላይ አቁሞ ማስነሣት እያለማመዳት ሳለ፣ ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ያህል ከበደው። ሕመሙ ወደ መንጋጋውና ወደ ግራ ክንዱ ሄደ፤ ሸሚዙ በላብ ራሰ። መምህርቷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ፍሬኗን መርገጥ ነው። ቀጥሎ ፍሬቻ አሳይታ ዳር እንድትይዝ አዘዛት። ሐኪም ቤት ልውሰድዎት ብትለው፣ ጨጓራዬ ናት፣ ወደ ቤት ንጂ፣ እግረ መንገድሽን የከተማ መንዳት ትለማመጃለሽ አላት። ስፖኪዮ አላየሽም፣ ማርሽ አልቀየርሽም እያለ ሲያርማት ቤት ደረሱ።

ጨጓራ እኛ ቤት የሁሉ ነገር ሰበብ ነው። ደረት ሲያቃጥል ጨጓራ ነው፣ ራስ ሲያዞር ጨጓራ ነው፣ ሰው ሲያኮርፍ እንኳን ጨጓራው ተነሥቶበት ነው። እናም ቀዝቃዛ ወተት ጠጣና ተኛ። ከሥራ ስመለስ ፊቱ አመድ መስሎ አገኘሁት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ፈተናው ይለፍ አለኝ። በዚያ ሳምንት ተማሪዎቹ የመንገድ ላይ ፈተና ነበራቸው፤ ተማሪውን በፈተና ሳምንት ጥሎ የሚቀር አስተማሪ ደግሞ፣ በእሱ ቤት፣ መኪናውን ቁልቁለት ላይ አቁሞ የእጅ ፍሬን ሳይስብ ከሚወርድ ሰው አይሻልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብዬ ብቆጣው፣ «ማን ደበቀ? ጨጓራ ነው እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ አውጄ የለም እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። በየቀኑ ጠዋት ተነሥቶ፣ አመድ የመሰለ ፊቱን ላጭቶ፣ ሄደ። ተማሪዎቹ አለፉ። መምህርቷም አለፈች።

እሱ ግን በፈተናው ማግስት የቤታችንን ደረጃ መውጣት አቃተው። ከዳቦ ቤት ስመለስ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ እግሩ ደረጃውን ይረግጣል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ቀልድ ሲፈልግ ታወቀኝ፤ ፈልጎ አጣ። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ይህ ሰው ቀልድ ሲያጣ አይቼ አላውቅም። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ፤ የጮኸችልን የታችኛዋ ጎረቤት ናት።

ሆስፒታል የተቀበለን ወጣት ሐኪም የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ደረቱ ላይ አድርጎ ስክሪኑን ማየት ጀመረ። አየ፣ አየ፣ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ ምንም ሳይነግረን ወጣና ሌላ ሐኪም ይዞ መጣ፤ ያኛውም አየና ሦስተኛ ጠራ። ሐኪም ሐኪምን ሲጠራ ደግ ነገር የለውም። ባሌ፣ «ምነው፣ ኳስ አለ እንዴ? እኛም እንይ» አላቸው። አንዳቸውም አልሳቁም። እኔ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብል ዋሽቼያለሁ።

ቀዶ ሐኪሟ አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። አንዲት ጠባብ ክፍል ወስዳ አስቀመጠችኝና ቀስ ብላ ነገረችኝ። ጨጓራ አልነበረም። የልብን ጡንቻ የሚመግብ አንድ የደም ሥር ተዘግቶ ነበር። ደም ያጣው ጡንቻ ሞተ። የሞተው ቦታ ደግሞ የልቡን የግራና የቀኝ ክፍል የሚለየው ግድግዳ ላይ ነበርና፣ ግድግዳው ተቀደደ። ወደ ሰውነቱ መሄድ የነበረበት ደም በቀዳዳው እየሾለከ ወደ ሳንባው ይመለሳል፤ ትንፋሽ ያሳጠረውም እሱ ነው። መድኃኒት ይህን አይዘጋውም። ደረቱ ተከፍቶ፣ ልቡ ለጊዜው ቆሞ፣ ማሽን በልቡ ፈንታ ደሙን እያዘዋወረለት፣ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ እንደሚጣፍ መጣፍ አለበት። ሌላውን ሁሉ በጨዋ ደንብ አዳመጥኩ። «ልቡ ቆሞ» ስትል ግን ክው አልኩ፤ ከዚያ በኋላ የተናገረችውን እንደገና አስነገርኳት።

በሉ አሁኑኑ ሥሩታ፣ ምን ትጠብቃላችሁ አልኳት። አይሆንም አለች። ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ዳቦ ቤት ባንኮኒ ላይ ነኝ አልኳት።

«እንግዲያው ይገባዎታል» አለችኝ። «አሁን የቀዳዳው ጠርዝ ገና ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ነው። ክር አይይዝም፤ መርፌው በገባበት ይፈረፈራል። ሳምንት፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ብናቆየው ግን ጠርዙ ይጠነክራል። ያኔ ስፌት ይይዛል።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ እሱ መቆየት አለበት።»

«ካልቆየስ፣ ዶክተር?»

«ካልቆየ ጠርዙ ሳይጠነክርም እገባለሁ።»

ትኩስ ዳቦ አይቆረጥም፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ እያልኩ ደንበኛን ስመልስ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰው ይቆጣል፤ እንግዳ አስቀምጬ ነው የመጣሁት ይላል፤ እኔ ግን ቢላዬን አላነሣም። አሁን የምቆጣው እኔ ሆንኩ። ልቡ የተቀደደ ሰው ይዞ ጠብቂ ማለት ምን ማለት ነው? ቤቱ እየተቃጠለ ቀለሙ ይድረቅ እንደ ማለት አይደለም ወይ? ይህን ሁሉ በሆዴ አልኩ። በአፌ ያልኩት «እሺ» ነው።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡት። በብሽሽቱ በኩል፣ በትልቁ የደም ሥር ውስጥ፣ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ቱቦ ሰደዱለት፤ ፊኛው ከልቡ ምት ጋር እየተነፋና እየሟሸሸ የደከመውን ልብ ያግዘዋል። ነርሷ አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችን። ቱቦው የገባበት እግር መታጠፍ የለበትም። ከታጠፈ ቱቦው ይታጠፋል፣ ማሽኑም ይቆማል። የትኛው እግር ነው? ቀኙ። የፍሬኑ እግር።

እንግዲህ ይታያችሁ። አንድ ማሽን ጢጥ ባለ ቁጥር፣ አልጋ በተገፋ ቁጥር፣ ከጎን ያለው በሽተኛ ባቃሰተ ቁጥር የባሌ እግር ፍሬን ይረግጣል። ለመርገጥ ጉልበቱን ያነሣል፤ ጉልበቱ ሲነሣ ቱቦው ይታጠፋል፤ ቱቦው ሲታጠፍ ማሽኑ ይጮኻል፤ ማሽኑ ሲጮህ እሱ እንደገና ይረግጣል። ነርሷ መጀመሪያ በልመና፣ ቀጥሎ በቁጣ ሞከረች። በመጨረሻ እግሩን ከአልጋው ጋር በጨርቅ ልታስረው ስትል እኔን አየኝ። እኔ እይዘዋለሁ አልኳት። እንደ ማመንታት አለችና ጋዋን አልብሳ አልጋው ግርጌ ወንበር ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ያ ሆነ። ነርሷ አምጥታ የምታጎርሰኝን እየበላሁ፣ ስታስወጣኝ ወጥቼ ስታስገባኝ እየገባሁ፣ ያን እግር በሁለት እጄ ይዤ መቀመጥ። ሰውየው አፉ አያርፍም። የሚጣፈው ቁራጭ ከበሬ ልብ ሽፋን የተሠራ ነው ብላ ሐኪሟ ስታስረዳው፣ «ጥሩ ነዋ፣ ከዳንኩ ማረስ እጀምራለሁ» አላት። ልቡ አብጧል ስትለው፣ «ይህንንስ ሚስቴ ስትነግረኝ ኖራለች» አለ። ልቡን ለጊዜው እንደሚያቆሙት ስትነግረው፣ «ሞተር ሳይጠፋማ ጥገና የለም» ብሎ ሳቀ፤ ሐኪሟም ፈገግ አለች። እኔ ግን እግሩ እጄ ውስጥ ነበር። ከእነ ወንበሬ ወደ ኋላ ሊገፋኝ ምንም አልቀረው። አፉ ይቀልዳል፣ እግሩ ይረግጣል። ስንት ጊዜ እንደሚፈራ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ፍርሃቱ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚያልፍ፣ ሁሉን በመዳፌ አወቅኩት። እሱም ማወቄን ያውቃል። አንዳችንም አናነሣውም። እኛ ቤት ፍርሃት ይቀለድበታል እንጂ አይወራም።

አማቴን ደግሞ ዋሽተናቸዋል። አሮጊት ናቸው፣ ልጃቸው አንድ ነው፣ ልብ የሚለውን ቃል ቢሰሙ እሳቸውም ተከትለው ይተኛሉ ብለን ጨጓራ ነው፣ ለምርመራ ተኝቷል አልናቸው። በየቀኑ ይደውላሉ። በርበሬ እንዳትሰጪው፣ ቡናም አታቅምሺው ይሉኛል። እሺ እማማ እላለሁ። ሌላው ዘመድ ደግሞ ይደውልና «አይዞሽ፣ ላይችል አይሰጥም» ይለኛል። ይህን አባባል ያወጣውን ሰው ባገኘው እነክሰው ነበር። እንደማይቻል ያየሁት እኔ ነኝ፤ ተሰጥቷልም።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን፣ ነርሷ ዘወር ባለችበት፣ በእጁ ጠራኝ። ጎንበስ አልኩለት፤ እግሩን ግን አልለቀቅኩም።

«ንገሪያት» አለኝ። «ዛሬውኑ ትሥራኝ።»

«ጠርዙ አልጠነከረም ብላለች እኮ።»

«እኔስ መች ጠነከርኩ?»

ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ቀስ በል ሲል የኖረ ሰው ነው። ሾርባ እንኳን ጠጥቶ የሚጨርሰው ዓመት ሞልቶ ነው። አሁን እሱ ቸኩሎ እኔ ላስቆመው ሆነ። ለተማሪዎቹ የሚላትን አባባል መለስኩለት፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኩት። ስፌቱን እያሰብኩ ነበርና ልናገረው ቀለለኝ፤ ከአፌ ሲወጣ ግን እኔኑ አስደነገጠኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያስቀየምኩት መሰለኝና እግሩን አሸሁለት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የአልጋ ጎረቤታችን መጋረጃ ተዘጋ። ብዙ ሰው ገባ፣ ብዙ እግር ከመጋረጃው ሥር ታየ፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ሰዉ ወጣ። ሲገለጥ አልጋው አዲስ አንሶላ ለብሷል። ባሌ፣ ሰውየው የት ሄደ ብሎ ጠየቀኝ፤ ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩት አልኩት። ደግ ነው አለ። እግሩ ግን ያን ጊዜ ረግጦ አልተመለሰም፤ እንደረገጠ ቀረ። በደረቴ ተደግፌ ነው የያዝኩት። ከዚያ ወዲያ ጠርዝ መጠንከሩንም አለመጠንከሩንም አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ይቺን ማታ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እግሩ ዝም አለ። ማሽን ጮኸ፣ አልረገጠም። ከበስተኋላችን የብረት ሳህን ወደቀ፣ አልረገጠም። ተመስገን፣ ለመደው፣ ወይም እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬን አሳረፍኩ። እጄ ላይ ያለው እግር እየቀዘቀዘ መሆኑን ያወቅኩት ከቆየሁ በኋላ ነው። የግራውን ነካሁ፤ እሱም በረዶ ነው። ጉልበቱ ድረስ ዳሰስኩት። ስሙን ጠራሁት፤ ዓይኑን ከፈተና እንደማያውቀኝ ሰው አየኝ። ተነሥቼ ነርሷን በክንዷ ይዤ አመጣኋት። ፊቱን አየች፣ የሽንቱን ከረጢት አየች፣ ጠብ ያለ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሮጠች።

ሐኪሟ መጥታ ብዙ አልተናገረችም። ልቡ ሰውነቱን መመገብ አቅቶታል፣ ኩላሊቱም መድከም ጀምሯል፣ ከዚህ በላይ አይቆይም አለች። ጠርዙስ አልኳት። እግዜር ይስጣትና አልዋሸችኝም። «የምፈልገውን ያህል አልጠነከረም» አለች። ሲገፉት አብሬ እየሮጥኩ እስከ በሩ ደረስኩ። በሩ ላይ ትንሽ ነቃ አለና አወቀኝ።

«መጣሁ» አለኝ።

ለጋዜጣ ሲወጣም እንደዚሁ ነው የሚለው። በሩ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀመጥኩ። እጄ የሚይዘው ነገር አጣ፤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት፣ መልሼ አወጣሁት። ይሄኔ ደረቱን ከፍተውታል እላለሁ። ይሄኔ ልቡ ቆሟል እላለሁ። ልቡ ቆሞ ሰው አለ ይባላል ወይስ የለም? የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ሰዎች ወረቀት ይዘው ያልፋሉ፤ አንዱ በስልክ ይስቃል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል የነበረችው እናቴ ናት፤ ይህቺን አባባል ከጭንቅላቴ ለማውጣት የግድግዳውን ሸክላ ከታች ወደ ላይ እቆጥር ጀመር፤ እየተሳሳትኩ እንደገና እጀምራለሁ።

ቀና ስል አማቴ በከዘራ እየመጡ ነው። ከኋላቸው ያቺ መምህርት የመኪና ቁልፍ ጨብጣ ቆማለች፤ ፊቷ ላብ በላብ ነው። በአዲሷ መንጃ ፈቃድ እሳቸውን ይዛ መጥታ ነው፤ የሆስፒታሉ በር ላይ ሞተሩ ጠፍቶባት፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጡሩምባ እየነፋ አስለቅሷታል። እማማ፣ እንዴት መጡ፣ ጨጓራው እኮ ብዬ ጀመርኩ። አማቴ አጠገቤ ተቀመጡና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ለጨጓራ ሰው ይህን ያህል ቀን አይደበቅም» አሉኝ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። መምህርቷን አፈላልገው ጠይቀው፣ ደረቱን እንዴት እንደያዘ ሰምተው፣ አባቱም እንደዚያው ደረቱን ይዞ እንደሄደ አስታውሰው ዝም ብለዋል። ስለ በርበሬው የሚያስጠነቅቁኝ ውሸታችን የተነቃብን እንዳይመስለን ነው። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ዳቦው አልበረደም እማማ፣ ሳይበርድ ነው የቆረጡት አልኳቸው። ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቁኝም። እጄን ይዘው ተቀመጡ።

ሐኪሟ ስትወጣ ኮፍያው ግንባሯ ላይ መስመር አውጥቶባታል። እኔ ሳልነሣ እሷ መጥታ ፊቴ ቁጢጥ አለች። ጠርዙ ስስ ነበር አለች። መጀመሪያ የሰፋችበት ቦታ መርፌውን ተከትሎ ተቀደደባት፤ ያን ትታ፣ ራቅ ብላ፣ ጤነኛውን ሥጋ ፈልጋ፣ ሰፋ ያለ ቁራጭ አድርጋ ጣፈችው። የተዘጋውንም ሥር በሌላ መንገድ ቀጠለችው። ልቡን ሲያስነሡት በራሱ ተነሣ።

«ይዟል?» አልኳት።

«ዛሬ ይዟል።»

«ነገስ?»

«ነገን ነገ እናያለን።»

አማቴ ተመስገን አሉ። እኔ «ዛሬ» በምትለው ቃል ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሁሉ በር በተከፈተ ቁጥር ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ቱቦ ባፉ፣ ቱቦ በደረቱ፣ ቱቦ በአንገቱ ሆኖ ሳየው ባሌ መሆኑን ያወቅኩት በጆሮው ነው። ቀስ በቀስ ቱቦዎቹ ወጡ። ተናገረ። የመጀመሪያ ቃሉ ውሃ ነበር፤ ሁለተኛው፣ መምህርቷ በየት መንገድ መጣች የሚል ነው።

ከሆስፒታል ሊወጣ ሲል እንደገና በአልትራሳውንድ አዩትና፣ ከጣፉት ቁራጭ ዳር አንዲት ስፌት ላልታ ትንሽ ደም እንደሚያሾልክ አገኙ። ሐኪሟ ግን አትንኩት፣ እንደገና መክፈቱ ከቀዳዳው ይብሳል አለች። ምናልባት ይደፈናል፣ ምናልባትም አብሮት ይኖራል፤ እንደዚያ የሚኖር ብዙ ሰው አለ። በየጊዜው እናየዋለን፤ ድካምና እብጠት ካለ ወዲያው አምጪው አለችኝ። ድምፅ አለው፣ አትደንግጡ፣ ትንሽ ቀዳዳ ነው ብዙ የሚጮኸው ብላ ማዳመጫዋን ለባሌ አውሳ አሰማችው። እሱ ሰምቶ እንደ ሕፃን ተገረመ።

ቤት ከገባን በኋላ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ ያሰማ ጀመር። ማዳመጫም አያስፈልግም፣ ጆሮህን ብቻ አድርግ ይላል። አማቴ ከዘራቸውን አስቀምጠው ጎንበስ አሉና «እሰይ፣ ይሠራል» አሉ። መምህርቷ ሰምታ አፏን ያዘች። የታችኛዋ ጎረቤት ሳትቀር ሰማች። እኔ አልሰማሁም። መድኃኒቱን በሰዓቱ እሰጠዋለሁ፣ ገላውን አጥበዋለሁ፣ ጫማውን አስረዋለሁ። ደረቱ አጠገብ ግን አልደርስም። ስንተኛ ጀርባዬን ሰጥቼው አልጋው ጠርዝ ላይ እተኛለሁ፤ ጠባሳህን እንዳልነካብህ ብዬ ነው እለዋለሁ። ማስተማሩን ሐኪሟ ለጊዜው ከልክላዋለች፤ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሰፈሩን ነጂ ሁሉ ሲሳደብ ይውላል። ድምፁን ከወጥ ቤት ስሰማ እረጋጋለሁ፤ ዝም ሲል ቢላዬን ይዤ ብቅ እላለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠያቂ አልመጣም። መንገዱም ጭር ብሏል። ድስት ጥጄ ወደ መኝታ ቤት ስገባ፣ ትራስ ተደግፎ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ አገኘሁት።

«አንቺ ብቻ ቀረሽ» አለኝ።

ድስት ጥጃለሁ አልኩት። ነይ አለኝ። ቆሜ ቀረሁ። አንዴ ከሰማሁት ሌላ ነገር አልሰማም አልኩት። ሰው ሲያወራኝ፣ ደንበኛ ሲያዘኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ የሚኖረው እሱ ብቻ ይሆናል። አንድ ቀን ደግሞ ድምፁ ቢለወጥ፣ ወይም ባይኖር፤ እዚህ ላይ ስደርስ አቆምኩ። አሁን ይቀልድብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እኔ ብቻዬን ነው የምሰማው» አለ። «አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ትተኛለሽ፤ እኔ እሰማዋለሁ። ጠዋት እስኪነጋ እሰማዋለሁ። ፈርቻለሁ እኮ።»

ይህቺን ቃል ከአፉ ሰምቻት አላውቅም። ሆስፒታል ሳለን ልቡን እናቆማለን ሲሉት አላላትም፤ የጎረቤታችን አልጋ ባዶ ሲሆን አላላትም፤ በሩ ላይ አላላትም። አሁን፣ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ሸሚዙን ከፍቶ፣ ተመልካች በሌለበት አላት። አልጋው ላይ ወጣሁ። ጠባሳውን እንዳልነካ ተጠንቅቄ ጆሮዬን ከጎኑ አሳረፍኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ነው፤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል። ትንሽ ሰከን ስል የእሱ መጣ። ዱብ ይላል፤ ከዚያ ሽ ይላል። ዱብ፣ ሽ። ያ «ሽ» የሚለው የላላችው ስፌት ናት።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት።»

«እንዴት ነው?»

ደህና ነው ልለው ነበር። አማቴ እንዳሉት፣ እሰይ ይሠራል ልለው ነበር።

«ያስፈራል» አልኩት።

«አይደል?» አለና እጁን ራሴ ላይ አደረገ። ወጥ ቤት ድስቱ ማረር ጀምሮ ሸተተኝ፤ አልተነሣሁም።